ከቀፎው እስከ ክሪስታሉ፦ የአልትራሳውንድ መሣሪያን በፈጣን ናሙና ስለ መሥራት

ክቡራትና ክቡራን፣ የባዮሜዲካል ምህንድስና መምህራንና ተማሪዎች፣ ከጤና ተቋማት የመጣችሁ ባለሙያዎች፤

እንድናገር የተጋበዝኩት የሕክምና አልትራሳውንድ መሣሪያዎችን በፈጣን የናሙና፣ ማለትም የመሞከሪያ ዕቃ፣ አሠራር ስለ መቅረጽ ነው። ይህ ርእስ ሲነሳ አብዛኛው ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ስሪ ዲ ፕሪንተርን ነው፤ ማሽኑ በየዩኒቨርሲቲው ስለገባና ጠዋት የተሣለ ቅርጽ ማታ እጃችን ላይ ስለሚያስቀምጥልን አያስገርምም። እኔ ግን የምከራከርለት ነጥብ ከማሽኑ ይቀድማል። ናሙና የሚሠራው የመሣሪያውን ቅጂ ለማግኘት ሳይሆን አንድን ጥያቄ በርካሽና በቶሎ ለመመለስ ነው። አልትራሳውንድ ውስጥ ደግሞ የመያዣው ጥያቄ፣ የድምፁ ጥያቄ፣ የሙቀቱ ጥያቄ እና የኤሌክትሮኒክሱ ጥያቄ በባሕርያቸው የተለያዩ በመሆናቸው አንዱን የሚመልሰው ናሙና ሌላውን አይመልስም። ሁሉንም በአንድ ዕቃ ለመመለስ የሚነሳ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ለጎብኚ የሚታይ፣ ነገር ግን ምንም የማያስተምር ዕቃ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። (የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1955 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የማዋለድ ሕክምና ፕሮፌሰር የነበሩት ኢያን ዶናልድ ከታካሚዎች የወጡ የማህፀን ዕጢዎችንና የእንቁላል እጢ ሲስቶችን መኪናቸው ውስጥ ጭነው ሬንፍሩ ወደሚገኝ የቦይለር ፋብሪካ ወሰዱ። ፋብሪካው በብረት ብየዳ ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ የሚፈልግ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ነበረው። ለማነጻጸሪያ የቀረበው አንድ ቁራጭ የበሬ ሥጋ ነበር። ጠጣሩ ዕጢና ውሃ የቋጠረው ሲስት የሚመልሱት ማስተጋባት ልዩ ልዩ መሆኑ በዚያው ዕለት ታየ። እንግዲህ የመጀመሪያው ናሙና ምንም አዲስ ዕቃ አልተሠራበትም ማለት ነው፤ ለሌላ ሥራ የተሠራ መሣሪያ ተወስዶ «ድምፁ ይለያል ወይስ አይለይም?» የሚለው አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረበለት።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ ዴንቨር ዳግላስ ሃውሪ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ከቢ 29 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የተነቀለ የተኳሽ ክፍልን ውሃ ሞልተው፣ ታካሚውን በውሃው ውስጥ አስቀምጠው፣ ድምፁን የሚልከውንና የሚቀበለውን ክሪስታል በዙሪያው በማዞር ምስል ያነሱ ነበር። ምስሉ ለዘመኑ እጅግ ጥሩ ነበር፤ ሆኖም በጠና የታመመን ሰው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማቆየት አይቻልም። ግላስጎው ላይ ቶም ብራውን የተባለ ወጣት መሐንዲስ ከዶናልድ ጋር ሲሠራ ክሪስታሉን በቀጥታ በሆድ ቆዳ ላይ ማንሸራተትን መረጠ። የመጀመሪያውን ስካነሩንም የተከለው በሆስፒታል አልጋ ላይ በሚገፋ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ውጤቱ በ1958 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ዛሬ በየክሊኒኩ የምናየው በጄል ተቀብቶ በሆድ ላይ የሚንሸራተት ፕሮብ የተወለደው ከዚያ ጠረጴዛ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ፕሮቡ እንግባ። በፕሮቡ ውስጥ ስሪ ዲ ፕሪንተር ሊሠራው የማይችለው ክፍል የቱ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ብዙ ወራት ያድናል። ልቡ ፒዞኤሌክትሪክ ክሪስታል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከእርሳስ፣ ዚርኮኒየምና ቲታኒየም ኦክሳይድ የተሠራ ሴራሚክ ሲሆን፣ ቮልቴጅ ሲሰጠው ይርገበገባል፣ ሲርገበገብም ቮልቴጅ ይሰጣል። ለሆድና ለእርግዝና ምርመራ በሚያገለግለው በ3.5 ሜጋኸርዝ እንዲርገበገብ ከተፈለገ ውፍረቱ 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ይህ ሴራሚክ ድምፅን የሚቃወምበት መጠን፣ በሙያው አኩስቲክ ኢምፒዳንስ የምንለው፣ ከሰውነት ሥጋ 20 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ ስለዚህ ክሪስታሉ በቀጥታ ቆዳን ቢነካ ከጉልበቱ 80 በመቶ የሚሆነው ወደ ኋላ ይመለሳል። ለዚህ ነው በሁለቱ መካከል አጣጣሚ ንጣፍ የሚገባው፤ የንጣፉ ውፍረትም የሞገዱ ርዝመት አንድ አራተኛ መሆን አለበት።

እስቲ ስሌቱን አብረን እንሥራው። በኢፖክሲ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 2500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ለ3.5 ሜጋኸርዝ ሲካፈል የሞገዱ ርዝመት 0.71 ሚሊ ሜትር፣ ሩቡ ደግሞ 0.18 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በየቤተ ሙከራው የምናገኘው ፕላስቲክ የሚያቀልጥ ፕሪንተር በልማድ የሚያትመው አንድ ንብርብር 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ንጣፍ በሙሉ ከፕሪንተሩ አንድ ንብርብር የቀጠነ ነው! ከዚህም በላይ፣ እንዲህ ያለው ፕሪንተር በሚደረድራቸው ክሮች መካከል ጥቃቅን የአየር ክፍተት ይተዋል፤ አየር ደግሞ ለአልትራሳውንድ ግድግዳ ነው፣ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነውን ይመልሰዋል። ጄል የምንቀባውም በፕሮቡና በቆዳው መካከል አየር እንዳይገባ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እዚያ ያባረርነውን አየር በታተመ ፕላስቲክ መልሰን ማስገባት የለብንም።

ይህ ማለት ግን ፕሪንተሩ ለድምፁ ክፍል አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ የሚጠቅመው ዕቃውን ራሱን ለማተም ሳይሆን ዕቃው የሚፈስበትን ቅርጽ ለማተም ነው። በብርሃን ከሚጠነክር ሬዚን (ፈሳሽ ፕላስቲክ) በሚያትመው ፕሪንተር ለስላሳ ቅርጽ ይሠራል፤ ክሪስታሉ በውስጡ በትክክለኛ ቦታው ይቀመጣል፤ ከጀርባው የተንግስተን ዱቄት የተቀላቀለበት ኢፖክሲ ይፈሳል፤ ይህ የጀርባ ድጋፍ ክሪስታሉ ከተመታ በኋላ ብዙ እንዳይርገበገብ ይይዘዋል፤ የድምፁ ምት ባጠረ ቁጥር ምስሉ ይጠራል። ከፊት ያለው ኢፖክሲ ደግሞ ወፈር ብሎ ይፈስና በብርጭቆ ወረቀት እየታሸ፣ በማይክሮሜትር እየተለካ 0.18 ላይ እስኪደርስ ድረስ ይቀጥናል። ኢፖክሲው ከመፍሰሱ በፊት አየሩ በቫኪዩም ካልወጣ በመካከሉ የምትቀር አንዲት አረፋ የዚያን ቦታ ድምፅ ታጠፋዋለች፤ ይህንን በዓይን ለማየት አይቻልም፤ የሚታወቀው በመለኪያ ነው። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ፍጥነቱ ያለው ቅርጹን ቀይሮ በማግስቱ እንደገና ማፍሰስ መቻሉ ላይ ነው።

በሌላው ጫፍ ያለው የሲሊከን መንገድ ነው። በ2017 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ያገኘው የቢተርፍላይ የእጅ አልትራሳውንድ በክሪስታል ፋንታ 9 ሺህ የሚደርሱ ጥቃቅን ርግብግቦች ያሉበት ቺፕ ይጠቀማል፤ ለገበያ ሲቀርብም ዋጋው 2 ሺህ ዶላር ገደማ መሆኑ ብዙዎችን አስደንቋል። ነገር ግን ኩባንያው የተመሠረተው በ2011 ነበር። ቺፕ በማግስቱ ቀይሮ መሞከር አይቻልም፤ አንዱ ዙር ብቻ ወራትና ብዙ ገንዘብ ይወስዳል። ተማሪዎቼ «እኛስ ለምን እንደዚያ አንሠራም?» ሲሉኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

ፈጣን ናሙና ከምንም በላይ የሚክሰው በቀፎው ላይ፣ ማለትም እጅ በሚይዘው ክፍል ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልዘርዝር። በሰሜን አሜሪካ በአልትራሳውንድ ባለሙያዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ የሚያሳዩት ከ10 ባለሙያዎች 8 ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት በትከሻ፣ በአንገት ወይም በእጅ አንጓ ሕመም እየተሠቃዩ እንደሚሠሩ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ቀጭን ነገርን በጣት ጫፍ ቆንጥጦ፣ ክንድን ከሰውነት አርቆ፣ ለረጅም ጊዜ ሆድ ላይ መጫን። የቀፎው ወገብ በጥቂት ሚሊ ሜትር መወፈሩ፣ ገመዱ በየት በኩል መውጣቱ፣ ክብደቱ ወደ ፊት ወይስ ወደ ኋላ ማጋደሉ ይህንን ሕመም ያባብሰዋል ወይም ያቀልለዋል። ይህንን በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ መጀመሪያ ፕሪንተሩን አትንኩ፤ በሸክላ ጭቃ ጀምሩ። አንድ አዋላጅ ነርስ ለስላሳውን ጭቃ ምርመራ እንደምትሠራ አድርጋ ስትጨብጠው የጣቶቿ ቦታ በላዩ ላይ ይቀራል፤ ያንን ለክታችሁ በኮምፒውተር ሣሉትና ሦስት አራት ዓይነት ቅርጽ አትሙ። ቀጥሎ የሚረሳ ነገር አለ፤ ባዶ የታተመ ቀፎ እንደ ላባ ይቀልላል፣ እውነተኛው የእጅ ፕሮብ ግን 300 ግራም ያህል ይመዝናል። በውስጡ ሳንቲም በፕላስተር አጣብቃችሁ ክብደቱን ካላስተካከላችሁ የምታገኙት አስተያየት ስለ ሌላ ዕቃ ይሆናል። ገመድም ሊኖረው ይገባል፤ ከጀርባው የሚንጠለጠል እውነተኛ ገመድ ካልገባ የእጅ አንጓን የሚጎትተው ኃይል አይታይም። በጎኑ ያለችው የአቅጣጫ ምልክት፣ የምስሉ ግራና ቀኝ የሚለይባት ጉብታ፣ ጓንት አድርጎና ጄል ነክቶ በሚንሸራተት ጣት የምትታወቅ መሆኗን ሞክሩ፤ በባዶ እጅ የምትታወቅ ጉብታ በጓንት ብዙ ጊዜ ትጠፋለች።

አስተያየት አሰባሰቡም የራሱ ዘዴ ያስፈልገዋል። እኛ ዘንድ የደከመበትን ሰው ፊት ለፊት «አልተመቸኝም» ማለት ነውር ነው፤ ስለዚህ «እንዴት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ጥሩ ነው፣ በርቱ» ትባላላችሁ። የተሻለው አለመጠየቅ ነው። በምስለ አካል፣ ማለትም በሰው ሥጋ ፋንታ በሚመረመር የመፈተኛ ዕቃ፣ ላይ ለ20 ደቂቃ እንዲሠሩበት ስጧቸውና እጃቸውን ተመልከቱ፤ መቼ እጅ ይቀይራሉ? መቼ ትንሿ ጣት ከቀፎው ትለቃለች? መቼ ፕሮቡን አስቀምጠው ጣታቸውን ያፍታታሉ? ሦስቱን ቅርጾች ያለ ስም አቅርባችሁ ሳያስቡት ደጋግመው የሚያነሱት የትኛውን እንደሆነ ብትመዘግቡ ከማንኛውም መጠይቅ የበለጠ ትማራላችሁ።

ስለ ገጽታውም አንድ ቃል ልበል። የታተመ ፕላስቲክን በአጉሊ መነጽር ስታዩት እንደታረሰ ማሳ ትልም በትልም ነው፤ ጄሉ በየትልሙ ገብቶ ይደርቃል፣ በጨርቅ ሲጠረግም አይወጣም። ለአንድ ቀን የእጅ ሙከራ ይህ ምንም አይደለም። ከታካሚ ወደ ታካሚ ለሚሸጋገር ዕቃ ግን የተህዋስያን መደበቂያ ነው፤ በተጨማሪም በርካታ የፕላስቲክ ዓይነቶች በአልኮልና በሌሎች ማጽጃዎች ተደጋግመው ሲጠረጉ ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ በእጅ አያያዝ ፈተናውን ያለፈ ቀፎ በጽዳት ፈተና አለፈ ማለት አይደለም።

ሙቀቱም እንዲሁ የራሱ ናሙና ይሻል። በዓለም አቀፉ የአልትራሳውንድ ደኅንነት ደረጃ መሠረት ሰውነትን የሚነካው የፕሮቡ ገጽ ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለፍ የለበትም። ኤሌክትሮኒክሱ ገና ሳይሠራ ይህንን መፈተሽ ይቻላል፤ መሣሪያው ወደፊት የሚያባክነውን ያህል ኃይል የሚያሞቅ ተራ ሬዚስተር በቀፎው ውስጥ አስቀምጣችሁ፣ የሙቀት መለኪያ ሽቦ ከውጭ ለጥፋችሁ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ መጠበቅ ነው። ፕላስቲክ ሙቀትን በደንብ ስለማያስተላልፍ ብዙውን ጊዜ ሙቀቱ ቺፑ ባለበት አንድ ቦታ ላይ ይከማቻል፤ ይህንን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ተሠርቶ ከመጣ በኋላ ከማወቅ ከሬዚስተሩ ማወቅ እጅግ ይረክሳል። ሙከራውንም አየር ማቀዝቀዣ ባለው ክፍል ሳይሆን አዳማ ወይም ጋምቤላ ከሰዓት በኋላ በሚኖረው ሙቀት አድርጉት።

ኤሌክትሮኒክሱ ላይ ፈጥኜ ልለፍ። ትልልቆቹ ማሽኖች ብዙ አስር ቻናሎችን (የምልክት መቀበያ መስመሮችን) በአንድ ጊዜ ያዳምጣሉ፤ በ40 ሜጋኸርዝና በ12 ቢት 64 ቻናል ማድመጥ በሰከንድ 30 ጊጋቢት መረጃ ማለት ነው፤ ይህ ለጀማሪ ቡድን አይመከርም። የሚመከረው አንድ ክሪስታል በትንሽ ሞተር ግራና ቀኝ የሚወዛወዝበት አሮጌው ዘዴ ነው፤ አንድ ቻናል ብቻ ስለሚፈልግ ኤፍ ፒ ጂ ኤ የተባለ በፕሮግራም የሚቀየር ቺፕ ያለበት ተራ የልማት ሰሌዳ ይበቃዋል፤ ንድፋቸውን ለሁሉም ክፍት ያደረጉ እንዲህ ያሉ ሥራዎችም በኢንተርኔት አሉ። ጊዜው በቂ ስለመሆኑ አትጨነቁ፦ በሰውነት ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1540 ሜትር ስለሚጓዝ 15 ሴንቲ ሜትር ሄዶ ለመመለስ 200 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይበቃዋል፤ አስቸጋሪው ሌላ ነው። ወደ 100 ቮልት በሚደርስ ምት የተላከው ድምፅ ከዚያ ጥልቀት ሲመለስ 50 ዴሲቤል ያህል ደክሞ ነው፤ ይህ ደካማ ምልክት በተቀባዩ በኩል ከኃይል አቅርቦቱ ጫጫታ ጋር ይጋጫል። ፕላስቲክ ቀፎ ደግሞ ከኤሌክትሪክ ጫጫታ አይከላከልም። የቀፎውን የውስጥ ግድግዳ በመዳብ ቴፕ ሸፍናችሁ ከመሬት ሽቦ ጋር ስታያይዙት በስክሪኑ ላይ ያለው ጫጫታ ወዲያው ሲቀንስ ታያላችሁ።

መሣሪያውን የምንፈትንበት ምስለ አካልም ናሙና ነው፤ እንዲያውም ስሪ ዲ ፕሪንተር ያለ ምንም ይቅርታ የሚያገለግልበት ቦታ ይህ ይመስለኛል። በግድግዳዎቹ ላይ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ ቀዳዳ ያለው ሳጥን አትማችሁ በቀዳዳዎቹ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ትወጥራላችሁ፤ ጄላቲን በሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ፣ ድምፅ የሚበትን ጥቂት የበቆሎ ስታርች ጨምራችሁ፣ አረፋው እንዲወጣ ቀስ ብላችሁ ትሞሉታላችሁ። ሲረጋ ክሮቹ በስክሪኑ ላይ እንደ ነጠብጣብ ይታያሉ፤ በነጠብጣቦቹ መካከል ያለው ርቀት ትክክል መሆኑንም ትለካላችሁ። ጥንቃቄ የሚያሻው ሙቀት ላይ ነው። መሣሪያው ድምፅ በ1540 ይጓዛል ብሎ ያሰላል፤ በ20 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ግን ፍጥነቱ 1480 ነው፣ ከፍሪጅ በወጣ ቀዝቃዛ ነገር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በዚህ ምክንያት 10 ሴንቲ ሜትር የሆነው 10.4 ሆኖ ይነበባል። 4 በመቶ ስሕተት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በእርግዝናው አጋማሽ 50 ሚሊ ሜትር በሚሆን የፅንስ ጭንቅላት ላይ 2 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፤ ይህም የእርግዝናውን ዕድሜ በግማሽ ሳምንትና ከዚያ በላይ ያዛባል። ስለዚህ ምስለ አካሉ ክፍል ውስጥ ቆይቶ ይሙቅ፣ ሙቀቱ ይመዝገብ፣ ፍጥነቱም በጊሊሰሪን ይስተካከል።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ሰው ሳይነካ የሚሠራ ነው፤ ይህን ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። የመጀመሪያው ምስል ስክሪን ላይ ሲመጣ መሐንዲስን የሚይዘው ፈተና ጄል ቀብቶ የራሱን ክንድ መሞከር ነው። አታድርጉት፤ ምክንያቱም በውስጡ 100 ቮልት አለ፣ ከቆዳው የሚለየውም ያልተፈተነ ኢፖክሲ ብቻ ነው። ወደ ታካሚ የሚፈሰው የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ከ100 ማይክሮ አምፔር እንዳይበልጥ ደረጃው ያዝዛል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም የድምፁ ጉልበት በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ720 ሚሊዋት፣ ድምፁ በግፊቱ ሰውነትን የመጉዳት አቅሙን የሚያመለክተው ሜካኒካል ኢንዴክስ የሚባለው ቁጥርም ከ1.9 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ለዓይን ደግሞ ወሰኑ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። እነዚህ የድምፅ ወሰኖች የሚለኩት ውሃ ውስጥ በሃይድሮፎን፣ ማለትም በውሃ ውስጥ ድምፅ በሚለካ መሣሪያ፣ ነው፤ ሃይድሮፎን የሌለው ቡድን ከሌለው ቡድን ጋር ከመተዛዘን ካለው ተቋም ጋር ስምምነት ይፈልግ። በአገራችን የሕክምና መሣሪያ የሚመራው በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ዓመቱ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ነው፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ደግሞ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴን ፈቃድ ይጠይቃል። ከማመልከቻው ፋይል ጋር የሚቀርበው ከመጀመሪያው የጭቃ ቅርጽ ጀምሮ ምን ተጠየቀ፣ ምን ተለካ፣ ምን ተቀየረ የሚለው መዝገብ በመሆኑ ፈጥኖ የሚሠራ ቡድን ከሌላው የበለጠ ጸሐፊ መሆን አለበት። የቀፎው ፕላስቲክ በፕሪንተር ከታተመ በቅርጽ ውስጥ ተጨምቆ ወደሚሠራ ሲለወጥም የሙቀቱ፣ የጽዳቱና የፍሳሹ ፈተና እንደገና ከመጀመሪያው ይሠራል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሚያስፈልግ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አይገባኝም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትታይ መክሯል፤ ይህ የሚፈጸመው ማሽኑ ሪፈራል ሆስፒታል ሳይሆን ጤና ጣቢያ ሲገኝ፣ የምትይዘውም አዋላጇ ስትሆን ነው። እዚያ መብራት ይጠፋል፣ አቧራ አለ፣ ጠረጴዛው ጠባብ ነው፣ ምርመራው ሲያልቅም ፕሮቡ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል።

ለዚህም ነው አዲስ ፕሮብ ለመሥራት ለምትጓጉ ተማሪዎች የመጀመሪያ ሥራ አድርጌ የምሰጠው የፕሮብ ማስቀመጫን የሆነው። በየሆስፒታሉ የቆሙ ማሽኖችን ተመልከቱ፤ የማስቀመጫቸው ቀለበት የተሰበረ ብዙ ነው፤ ማስቀመጫ ያጣ ፕሮብ ይወድቃል፣ ሲወድቅም ክሪስታሉ ይሰነጠቃል፣ አዲስ ፕሮብ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ቀለበቱ ታካሚን አይነካም፣ ድምፅ አያስተላልፍም፣ በአንድ ቀን ይታተማል። ስትሠሩት የማሽኑን ሞዴል፣ የፕሮቡን ወገብ ስፋት በካሊፐር የተለካ፣ የፕላስቲኩን ዓይነትና የታተመበትን ቀን ከፋይሉ ጋር አስቀምጡ፤ የውስጡን ገጽ ፕሮቡን እንዳይፍቀው ለስላሳ ጎማ አልብሱት፤ ገመዱ ተጣጥፎ እንዳይታነቅም ከሥሩ ክፍት መውጫ ተዉለት። ከዚያ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳችሁ የት እንደተሰነጠቀ እዩ፤ ሁለተኛውን የምትሥሉት ከስንጥቁ ተነሥታችሁ ነው።

አመሰግናለሁ፤ ለጥያቄዎቻችሁ ዝግጁ ነኝ።